ማርሽ መቀየር፦ ስለ ቅልጥፍና ትርጉምና ምንጭ



የምናገረው ስለ አንድ ቃል ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እናገኘዋለን፤ በየስብሰባው እንሰማዋለን፤ የሥራ ማስታወቂያው ሁሉ ይጠይቀዋል። ቅልጥፍና ይባላል። «ቀልጣፋና ውጤታማ አገልግሎት» የማይል የራእይና የተልእኮ ሰሌዳ ማግኘት ይከብዳል። ሶፍትዌር የምትሠሩት ወጣቶች ደግሞ «አጃይል» ትሉታላችሁ። ቃሉ ሲደጋገም ይዘቱ እየሳሳ መጣ። ቅልጥፍናን ከፍጥነት ጋር፣ ፍጥነትን ደግሞ ከችኮላ ጋር ቀላቀልነው፤ ይህ መቀላቀልም በየቀኑ ዋጋ እያስከፈለን ነው። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ይህንን ነው።

ስለ ቅልጥፍና ለመነጋገር ሰፈራችን ሳሊተ ምሕረት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም። በሲኤምሲ መንገድ ወደ መገናኛ ስንወርድ የመንግሥት ሠራተኛው የሚሠለጥንበትን የሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲን እናገኛለን። አለፍ ስንል ጉርድ ሾላ ላይ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ አለ። በቦሌ በኩል ደግሞ አየር መንገዳችን አለ፤ አውሮፕላኖቹ ሲነሡና ሲያርፉ ከዚሁ ሆነን እናያቸዋለን። ዋና ዋና ማስረጃዬን ከነዚህ ጎረቤቶቻችን እወስዳለሁ።

ከራሳችን ቃል እንጀምር። ቀለጠፈ ከሚለው ግስ ቀልጣፋ፣ ቅልጥፍና፣ ማቀላጠፍ ይወጣሉ። ሰው ይህንን ቃል የሚያውልበትን ቦታ ልብ በሉ። «እጇ ቀልጣፋ ነው» የምትባለው እናት እንግዳ ሳታስበው ሲገባባት ሽሮውን ጥዳ፣ ቡናውን ቆልታ፣ እንግዳውንም እያጫወተች ማዕዱን የምታቀርበዋ ናት። ሮጣ አይደለም፤ ስትሮጥ ያየ ሰው ቀልጣፋ አይላትም፣ ተደናገጠች ነው የሚላት። «አቀላጥፎ ይናገራል» ስንልም እንዲሁ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚናገር ሁሉ ቋንቋ አያቀላጥፍም፤ ረጋ ብሎ የሚናገርም ሊያቀላጥፍ ይችላል። የሚያቀላጥፈው ሰው የፈለገው ቃል ቢጠፋበት ሌላ ቃል አምጥቶ፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳይሰብር፣ አድማጩም ምንም ሳያውቅ የሚጨርሰው ነው።

ተረትና ምሳሌዎቻችንም ይህንን ልዩነት ጠብቀውልናል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንላለን። «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» እንላለን። ችኮላን የሚነቅፍ አባባል ሞልቶናል፤ ቅልጥፍናን የሚነቅፍ ግን አንድም ሰምቼ አላውቅም። ሕዝቡ ሁለቱን ለይቶ ያውቃቸዋል ማለት ነው። የቀላቀልናቸው እኛ፣ ዕቅድና ሪፖርት የምንጽፈው ነን።

የፈረንጁ ቃል ከላቲን የመጣ ነው። አጊሊስ የሚለው የላቲን ቅጽል የተወለደው አጌሬ ከሚል ግስ ሲሆን፣ ትርጉሙም መንዳት፣ ማንቀሳቀስ፣ መሥራት ነው። ከብት ለመንዳትም ይሠራ ነበር። እኛም በሬውንም መኪናውንም «እንነዳለን»፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይተዋወቁ አንድ ሐሳብ ላይ ደርሰዋል። ከዚያው ከአጌሬ ወጥተው ወደ አማርኛችን የገቡ ሌሎች ቃላትም አሉ፦ አጀንዳ፣ ኤጀንት፣ ኤጀንሲ። ከዚህ የቤተሰብ ሐረግ የምንረዳው ነገር ቢኖር፣ አጊሊስ የሚባለው በሬ ብዙ የሚሮጠው አይደለም፤ ሲነዱት የሚነዳ፣ ሲመልሱት የሚመለስ ነው። ቃሉ ከመነሻው አቅጣጫን ይዟል።

ይህንን የስፖርት ሳይንስ ዘግይቶ አጽንቶታል። ሼፐርድና ያንግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጽሑፍ ቅልጥፍናን ለአንድ ቀስቃሽ ምልክት ምላሽ የሚሰጥ፣ ፍጥነትን ወይም አቅጣጫን የሚለውጥ የመላ ሰውነት እንቅስቃሴ ብለው ተረጎሙት። ዋናው ነገር «ምላሽ» የሚለው ነው። መንገዱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው በእንቅፋቶች መካከል እየተጠማዘዘ በፍጥነት ቢሮጥ በእነርሱ ሚዛን ገና ቀልጣፋ አልተባለም። ቀልጣፋ የሚባለው ዓይኑ ያየውን አእምሮው ፈርዶ እግሩ ሲታዘዝ ነው።

እዚህ ላይ ስሙን ሳልጠራ ላልፍ የማልችለው ሰው አለ፤ ሯጩ ምሩፅ ይፍጠር። ሕዝቡ «ማርሽ ቀያሪው» አለው፤ ፈረንጆቹም «ይፍጠር ዘ ሺፍተር» አሉት። ስለ ቅልጥፍና በአማርኛ ከተባለው ሁሉ ከዚህ ቅጽል ስም የተሻለ ፍቺ አላገኘሁም። ማርሽ መቀየር ነዳጅ መርገጥ ማለት አይደለም፤ አሽከርካሪ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ሞተሩ የሚለውን ሰምቶ፣ ዳገቱን አይቶ፣ በትክክለኛዋ ቅጽበት ኃይሉን ወደ ሌላ ጥርስ ማሻገር ነው። ቀድሞ የቀየረ ያንቃል፤ ዘግይቶ የቀየረም ያንቃል።

የሞስኮውን ኦሎምፒክ አስታውሱ። ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. በተደረገው የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ምሩፅን የገጠሙት የፊንላንዶቹ ላሴ ቪረንና ካርሎ ማኒንካ ነበሩ። ቪረን በሙኒክም በሞንትሪያልም 5 ሺውንና 10 ሺውን ደርቦ የወሰደ ሰው ነው። ኢትዮጵያውያኑ ሦስት ነበሩ፦ ምሩፅ፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ። በአንድ ወጥ ፍጥነት አልሮጡም። እየተፈራረቁ ወጡ፣ መልሰው ቀዘቀዙ፣ እንደገና ወጡ። ተጋጣሚው ርምጃውን እንዳያስተካክል ሩጫውን ሰባበሩበት። ሦስት መቶ ሜትር ገደማ ሲቀር ምሩፅ ማርሹን ቀየረ፤ ከዚያ በኋላ የደረሰበት የለም። ማኒንካ ሁለተኛ፣ መሐመድ ሦስተኛ፣ ቶሎሳ አራተኛ፣ ቪረን አምስተኛ ሆኑ።

ከአምስት ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 25፣ የ5 ሺህ ሜትሩ ፍጻሜ ነበር። በዚህኛው ምሩፅ ሯጮች ከበውት መውጫ አጥቶ ነበር። በመጨረሻው ዙር ላይ መሐመድ ከድር ገለል ብሎ መንገድ ከፈተለት፤ ምሩፅም በተከፈተለት ተስፈንጥሮ ወጣ፤ ሁለተኛውን ወርቅም ወሰደ። እኔ ይህችን የመሐመድን ርምጃ ከምሩፅ ፍትለካ ለይቼ ማየት አልችልም። ቅልጥፍና የአንድ ሰው ጡንቻ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምሩፅ እንደታጠረ ይቀር ነበር። አጠገቡ ያለው ሰው ሁኔታውን አየ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ወሰነ፣ ቦታ ለቀቀ። ይህንን ያዙልኝ፤ በኋላ ስለ መሥሪያ ቤቶቻችን ስናገር እፈልገዋለሁ።

ያቺ የሦስት መቶ ሜትር ርቀት ግን በሞስኮ አልተሠራችም። ምሩፅ በሙኒክ በ10 ሺህ ነሐስ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። በ1976 አፍሪካውያን ከሞንትሪያል ሲቀሩ ኢትዮጵያም ቀረች፤ እርሱም በሙሉ ጉልበቱ ቁጭ ብሎ አየ። በ1977 እና በ1979 በዓለም ዋንጫ ሁለቱንም ርቀቶች አሸነፈ። ከሙኒክ እስከ ሞስኮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. እስከ 1980፣ ስምንት ዓመት ነው። በአየር ኃይል ባልደረባነቱ፣ በአሠልጣኝ ንጉሤ ሮባ ሥር፣ ስምንት ዓመት ሙሉ የተጠራቀመው ልምምድ ነው በመጨረሻው ዙር የወጣው። ምሩፅ ታኅሣሥ 13 ቀን 2009 ዓ.ም. በቶሮንቶ ዐረፈ፤ አስከሬኑም ወደሚወዳት አገሩ መጥቶ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

የአእምሮ ቅልጥፍናም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከአብነት ትምህርት ቤቶቻችን የተሻለ ምስክር የለም። ልጁ ዳዊት አቀላጥፎ ከማንበቡ በፊት ፊደል ይቆጥራል፤ ከዚያ በግእዝ ንባብ ቃሉን እየጎተተ፣ በውርድ ንባብ እያዜመ፣ በመጨረሻ በቁም ንባብ ያነብባል። ዘገምተኛው ደረጃ አይዘለልም፤ የዘለለው ልጅ ኋላ ላይ ይሰናከላል። ቅኔው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በዋድላ፣ በዋሸራ፣ በጎንጅ የቅኔ ቤቶች ተማሪው ብቻውን ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማታ በመምህሩ ፊት ይዘርፋል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ ለዕለቱ፣ ለበዓሉ፣ ለሰዓቱ አዲስ መሆን አለበት። የዜማው ልክ ግን አይነካም፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ ሦስት አይሆንም። ደንቡ እንዲህ ጥብቅ ሆኖ ሳለ ሊቁ በማኅሌት መካከል ብድግ ብሎ ትኩስ ቅኔ ያፈስሳል። ሥርዓትና ቅልጥፍና የሚጣሉ የሚመስላቸው ሰዎች አንድ ሌሊት ቅኔ ማኅሌት ቢያድሩ ሐሳባቸውን የሚለውጡ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ወጣቶቹ ቃል ልምጣ። አጃይል የሚለው ቃል ወደ ሥራው ዓለም የገባው መጀመሪያ በፋብሪካ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ያለው የአያኮካ ተቋም ባወጣው ጥናት፣ የጃፓን ውድድር ያስጨነቀው የአሜሪካ ኢንዱስትሪ ገበያው ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥ እንዲሆን መከረ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 2001፣ አሥራ ሰባት የሶፍትዌር ሰዎች በዩታ ግዛት ስኖውበርድ በተባለ የበረዶ መንሸራተቻ ሥፍራ ተሰበሰቡ። እስከዚያ ድረስ አሠራራቸው «ቀላል» ክብደት ያለው ይባል ነበር፤ ስሙን ግን አልወደዱትም። በእኛም አገር «ቀላል ሰው» ሙገሳ አይደለምና ይገባናል። ብዙ ስም አወጡ ጣሉ፤ በመጨረሻ አጃይልን መረጡ። ባወጡት አጭር መግለጫ ዕቅድን ከመከተል ይልቅ ለለውጥ ምላሽ መስጠትን እንደሚያስቀድሙ ጻፉ። ዕቅድ አያስፈልግም አላሉም፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። በየሁለት ሳምንቱ ስብሰባ ያበዛ፣ ግድግዳውን በቢጫ ወረቀት የሸፈነ ቡድን ተጠቃሚው የነገረውን ሰምቶ ሥራውን ካልለወጠ አጃይል አልሆነም።

ቃሉን በቃል ሳይሆን በሥራ ያየሁት ግን በቦሌ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። በዚያው ወር አየር መንገዱ ወደ ሰማንያ ገደማ መዳረሻዎች የሚያደርገውን የመንገደኛ በረራ አቆመ። አብዛኞቹ የዓለም አየር መንገዶች አውሮፕላኖቻቸውን አሰልፈው አቆሙ፤ ብዙዎቹ ከመንግሥታቸው ገንዘብ ለመኑ፣ ሠራተኛ በገፍ አሰናበቱ። በወቅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ በአቶ ተወልደ ገብረማርያም ይመራ የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግን ፊቱን ወደ ጭነት አዞረ። ሃያ አምስት ያህል የመንገደኛ አውሮፕላኖች ወንበራቸው ተነቅሎ ዕቃ መጫን ጀመሩ። መጋቢት 13 ቀን የጃክ ማ ፋውንዴሽን ለአፍሪካ የላከው ከአምስት ሚሊዮን በላይ ማስክና ከአንድ ሚሊዮን በላይ መመርመሪያ ቦሌ ደረሰ፤ ከዚያም በየአገሩ የተከፋፈለው በአየር መንገዳችን ነው። ሚያዝያ 6 ቀን ደግሞ የዓለም የምግብ ፕሮግራም የሰብአዊ እርዳታ ማከፋፈያ ማዕከሉን በዚሁ በቦሌ ከፈተ። አየር መንገዱ የመንግሥት የነፍስ አድን ገንዘብ ሳይጠይቅ፣ ቋሚ ሠራተኛም ሳያሰናብት ያንን ዘመን ማለፉን አመራሮቹ ደጋግመው ተናግረዋል።

ይህ በአንድ ወር የተሠራ ይመስላል፤ አይደለም። ወንበር መንቀል ለሰሚው ቀላል ነው፤ ነገር ግን የራሱ የጥገና ክፍል፣ የራሱ መሐንዲሶችና ቴክኒሻኖች የሌሉት አየር መንገድ አውሮፕላኑን ሌላ አገር ልኮ ተራ ይጠብቃል። ቦሌ ግን ሰዎቹን ለአሥርተ ዓመታት ስታሠለጥን ኖራለች። በ2009 ዓ.ም. ሰኔ ወር የተመረቀው ሁለተኛው የጭነት ተርሚናል ከቀድሞው ጋር በዓመት እስከ አንድ ሚሊዮን ቶን ማስተናገድ እንዲችል ሆኖ ተሠርቶ ነበር። አበባና ሥጋ ወደ ውጭ ስንልክ የተለማመድነው የቀዝቃዛ ሰንሰለት አሠራር ኋላ ለክትባት አገለገለ። ይህ ሁሉ የተዘረጋው እ.ኤ.አ. በ2010 በተነደፈው «ራእይ 2025» ውስጥ ጭነት ራሱን የቻለ የሥራ ዘርፍ ሆኖ ስለታሰበበት ነው። በሽታው ሲመጣ የተለወጠው ዕቅዱ ነው፤ እጁ ግን ቀድሞ የተሟሸ ነበር።

እንግዲህ ከሁሉ ይበልጥ ወደሚያሳስበኝ ጉዳይ ልግባ፤ ወደ መስኮቱ። ባለጉዳይ ሆናችሁ የምትቆሙበትን መስኮት ማለቴ ነው። «ሲስተም የለም»፤ «ፋይሉ አልተገኘም»፤ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለሱ»። ሕፃን ያዘለች እናት ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ፣ ሁለት ታክሲ ይዛ፣ ለአንዲት ማኅተም ትመላለሳለች። ይህንን ለማስቀረት መንግሥት አልተኛም። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ቢፒአር የተባለው መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ መጣ፣ ቢኤስሲ የተባለው የውጤት መመዘኛ መጣ፣ ከጃፓን ካይዘን የተባለው የማያቋርጥ ማሻሻያ መጣ። እያንዳንዳቸው ሲመጡ «ቀልጣፋ» የሚለውን ቃል ይዘው መጡ፤ ሠራተኛው ሠለጠነ፣ ቅጽ ሞላ፣ ሰሌዳው ተሰቀለ።

የቢፒአር አባቶች የሚባሉት ማይክል ሃመርና ጄምስ ቻምፒ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት መጽሐፍ ያነሡት አንድ ምሳሌ ከሁሉም በላይ እኛን ይመለከታል። አይቢኤም ክሬዲት የሚባለው የብድር ድርጅት አንድ ማመልከቻ ለመጨረስ በአማካይ ስድስት ቀን ይፈጅበት ነበር። ሁለት ኃላፊዎች አንድ ማመልከቻ ይዘው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ በእግራቸው ሄዱ፤ እያንዳንዱ ባለሙያ ሥራውን እዚያው እንዲሠራላቸው ጠየቁ። ሥራው ራሱ የወሰደው ዘጠና ደቂቃ ብቻ ሆነ። የቀረው ጊዜ ሁሉ ወረቀቱ በሳጥን ውስጥ ተኝቶ ያለፈ ነበር። ድርጅቱ በመጨረሻ አራቱን አምስቱን ባለሙያ በአንድ ሰው ተካ፤ ማመልከቻውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጨርስ፣ የሚወስንም እርሱው ሆነ። ስድስቱ ቀን ወደ አራት ሰዓት ወረደ።

ማንም ሠራተኛ ከቀድሞው ይበልጥ አልፈጠነም። የፈጠነው ፋይሉ ነው። እኛ ግን ቢፒአርን ስናመጣ ቅጹን አመጣን እንጂ ይህንን ልቡን በብዙ ቦታ ትተነዋል። የመስኮቱን ሠራተኛ «ፍጠን» እንለዋለን፤ የመወሰን ሥልጣኑን ግን ፎቅ ላይ ቆልፈንበታል። ልጁ ሕጉን ያውቃል፣ ሰነዱ ተሟልቷል፣ ባለጉዳዩ ፊቱ ቆሟል፤ ግን ፊርማው የእርሱ አይደለም። መሐመድ ከድር ያንን ርምጃ ለመራመድ ከአሠልጣኙ ደብዳቤ ቢጠብቅ ኖሮ ሩጫው ያልቅ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. የተጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶችን በአንድ አዳራሽ ማሰባሰቡ ትልቅ ርምጃ ነው፤ የባለጉዳዩን የታክሲ ብር ያተርፋል፣ ጉልበቱንም። የቀረው ጥያቄ በዚያ አዳራሽ የተቀመጠው ሠራተኛ ምን ያህሉን ጉዳይ በራሱ ፊርማ መጨረስ ይችላል የሚለው ነው። ሲሳሳትስ? ሕጉን ተከትሎ በቅን ልቦና የወሰነ ሠራተኛ በመጀመሪያው ስሕተቱ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት የሚቆም ከሆነ፣ ሁለተኛ አይወስንም፤ ወደ ላይ ይመራዋል። በዚህ አልፈርድበትም። ፍርሃት ያለበት እግር ማርሽ አይቀይርም። ስለዚህ ሥልጣኑ ሲወርድ ሥልጠናውና ከለላው አብረው መውረድ አለባቸው፤ ሙስናን የሚቆጣጠረው ዓይንም እንዲሁ። ያለ ዝግጅት የተለቀቀ ሥልጣን ሰንበሌጥ ግድግዳ ነው።

በዚህ አዳራሽ የቡድን መሪዎች፣ ዳይሬክተሮች፣ የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች አላችሁ። ለእናንተ አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ከመሥሪያ ቤታችሁ አንድ ተራ ፋይል አንሡ፤ የትልቅ ሰው ሳይሆን የዚያች ልጅ ያዘለችው እናት ዓይነት ፋይል። ከመዝገብ ቤት ጀምራችሁ በእግራችሁ ተከተሉት። በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ስንት ደቂቃ እንደተሠራበትና ስንት ቀን እንደተኛ ጻፉ። ከዚያ ያለ እናንተ ፊርማ ማለቅ የሚችል ሆኖ ካገኛችሁት፣ ፊርማውን ለመስኮቱ ሠራተኛ አስረክቡ፤ በጽሑፍ፣ በስሙ፣ ከነኃላፊነቱና ከነጥበቃው።